የኤቨርት አፍንጫ

ኤቨርት ሉንድማርክ በሰባ አንድ ዓመቱ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩት፤ አንድ አፍንጫና አንድ ቁልፍ። ቁልፉ በብርዳማዋ የሰሜን ከተማ በሊክሴሌ ዳርቻ ያለው የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ጋራዥ ቁልፍ ነው፤ በቆዳ ክር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ቁልፉን ያስገኘለት ደግሞ አፍንጫው ነው። ሞተር አልነሳም ሲል ሌላው ሰው ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ይፈታል። ኤቨርት ግን ኮፈኑን ያስከፍትና ዓይኑን ጨፍኖ አንዴ ያሸታል፤ ከዚያ «ቤንዚን ጠጥቶ ታፍኗል» ወይም «ጠምቶታል» ይላል። አይሳሳትም ነበር፤ የሚጠሉትም ይህን አይክዱትም።

ችግሩ አፉ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ያርል የሚባል ጸጥተኛ አናጢ ማኅበሩ ውስጥ ገብቶ፣ በመጀመሪያው ቀን ካንዴላ ሊፈታ መፍቻ ቢያነሳ፣ ኤቨርት በሰው ሁሉ ፊት «አፍንጫ የሌለው ሰው በሩ ጋ ይቁም!» ብሎ ጮኸበት። ያርል እውነት መስሎት ሄዶ ቆመ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ስለተወደደ በየዓርቡ ተደገመ፤ ያርልም ሃያ ዓመት ሙሉ ቡናውን ብርድ በሚገባበት በር ሥር ቆሞ ጠጣ። ኤቨርት አንድም ቀን «ና ተቀመጥ» አላለውም። ክፉ ሰው ነበር ልበል? አዎ፣ ነበር።

ባለፈው ጥር ጉንፋን ጣለው። ሲሻለው ሽታ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፍቶ ነበር። ሳሙናው፣ የቀረፋ ዳቦው፣ የሟች ሚስቱ የማይ-ብሪት ሹራብ፣ ሁሉም ባዶ ሆነበት። ሹራቡን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ለሐኪም ግን አልተናገረም። ማይ-ብሪት ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ሁለት ቃል የሚለዋወጠው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው። ቁልፉን ከተነጠቀ ያንን ቤት በምን ፊቱ ይገባዋል?

የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ጨካኝ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ በረዶው ሲቀልጥ፣ የብርዱን ወራት ቆመው ካሳለፉት መኪኖች አንዱ ሆን ተብሎ ይበላሻል። ቁልፍ ያዡ ብልሽቱን በሁሉም ፊት መናገር አለበት፤ ከሳተ ቁልፉን ያስረክባል።

መጋቢት ላይ አንድ ዓርብ፣ ያርል ጋራዡ ውስጥ ሲገባ የቃጠሎ ሽታ አፍንጫውን መታው። ቡናው ምድጃ ላይ ደርቆ ከስሏል። ኤቨርት ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ጋዜጣ ያነባል። ያርል ምድጃውን አጠፋና የኤቨርትን አፍንጫ አተኩሮ አየ። መኪና የሚያበላሸውን ሰው ለመምረጥ ዕጣ ሊወጣ ሲል ግን «ዘንድሮ እኔ ልሁን» አለ።

ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ፣ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን የሚዘጋ ትንሽ ተንሳፋፊ አለ። ያርል የአንዲት ሰማያዊ መኪናን ተንሳፋፊ በመርፌ በስቶ መልሶ ገጠመው። የተበሳ ተንሳፋፊ ይሰጥማል፤ መግቢያው አይዘጋም፤ ቤንዚን ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል። አፍንጫ ላለው ሰው ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። ከኤቨርት በቀር ለአሥራ አንዱም የማኅበር አባላት በጆሯቸው ነገራቸው፤ አንድም ሰው ተው አላለውም።

ቀኑ ደረሰ። ያርል ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ሞተሩን ደጋግሞ አዞረው፤ አልነሳም። ኤቨርት ዓይኑን ጨፍኖ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አለ። ምንም የለም። አንዲት ካንዴላ ቢፈታ እርጥብ ትሁን ደረቅ በዓይኑ ያያት ነበር፤ መፍቻውም አጠገቡ ነው። ግን በዚህ ቤት መፍቻ የሚያነሳ ሰው ምን እንደሚባል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊቴን ያነቡብኛል ብሎ ዓይኑን መግለጥ እንኳ ፈራ። አምስት ወር የቆመ መኪና ነው፣ ቤንዚኑ ተንኖ አልቆ ይሆናል ብሎ ገመተ።

«እሺ ዶክተር፣ ምን ይሸትሃል?» አለ የማኅበሩ ጸሐፊ ሄልጌ።

«ምንም! ጠምቶታል። ጠብታ አልደረሰውም። ያርል፣ ቤንዚኑን ደህና አድርገህ እየረገጥክ አዙር እስቲ!»

«እርግጠኛ ነህ ኤቨርት?» አለ ያርል።

«አንተ የበር ሰው፣ አፍንጫዬን ልትጠራጠር ነው?»

ያርል ረገጠ፤ አዞረ። ቤንዚኑ ከካርቡሬተሩ ሞልቶ በሞተሩ ጎን ወረደ፤ ወለሉ ላይ ተንጠባጥቦ የኤቨርትን የእንጨት ጫማ ከበበው። ሰዎቹ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ያዙ።

«አሁንስ?» አለ ሄልጌ።

«እንደ አጥንት ደርቋል!»

ሳቁ ፈነዳ። ኤቨርት ዓይኑን ገለጠ፤ አጎንብሶ እግሩን አየ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ሁሉም ቀድመው ያውቁ ነበር።

ያርል ወርዶ የጋራዡን በር ከፈተና መፍቻውን አቀበለው። «ፍታ» አለው። ኤቨርት አራቱን ካንዴላዎች ፈታ፤ አራቱም ይንጠባጠባሉ። «ጮክ ብለህ ንገረን እንጂ።» ኤቨርት አራት ጊዜ «እርጥብ» አለ። ከዚያ ክሩን ከነቁልፉ ከአንገቱ አውልቆ ለያርል ሰጠ።

ወለሉ ታጥቦ፣ ቤቱ ነፍሶ፣ ቡና ተፈላ። ኤቨርት ወደ ወንበሩ ሲሄድ ያርል ተቀምጦበት አገኘው። ሲኒውን ይዞ በሩ ጋ ሄደ።

«ኤቨርት!» አለ ያርል ድንገት ተነስቶ፣ «የሚቃጠል ነገር አይሸትህም?»

ኤቨርት ደንግጦ ምድጃውን አየ፤ ከዚያ የራሱን እጅጌ፣ ከዚያ ሱሪውን። ምንም አልተቃጠለም። አሥራ ሁለቱም ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

በሚቀጥለው ዓርብ ዝናብ ነበር። ኤቨርት ከሁሉም ቀድሞ መጣ። እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ክሩ እንደሌለ ትዝ አለው። ያርል አርፍዶ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ በዝናቡ ቆሞ ጠበቀ፤ ሲከፈትለትም ገብቶ በሩ ጋ ቆመ።