አሥራ ሦስት ለዜሮ

ማጋሊ በፈረንሳይ አገር፣ በማርሴይ ወደብ ላይ ዓሣ ትሸጣለች። በሃያ ዓመቷ ለራዲዮ ዜና አንባቢነት ስትፈተን፣ እንደ አገሯ ሰው የቃሉን መጨረሻ እየጎተተች አነበበች። ዴልቫል የሚባል ከፓሪስ የመጣ ፈታኝ «አንቺ፣ ይሄ ገበያ መሰለሽ?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀባት።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥቶ ሰፈሯ ገባ። አላወቃትም። እሷ ግን በብረት ኳስ ውርወራ ጨዋታ ገጠመችውና አሥራ ሦስት ለዜሮ ረታችው። እዚያ በልማዱ አንድም ነጥብ ሳያገኝ የተረታ ሰው፣ ፋኒ በምትባል ሴት ሥዕል ፊት ተንበርክኮ የሥዕሏን ቂጥ ይስማል።

«እመቤት፣ ለሽበቴ ሲሉ ይማሩኝ» አላት።

«ራዲዮ ጣቢያው ውስጥ የሳቅክብኝ ልጅ ነኝ! እኔን ማን ማረኝ? ተንበርከክ!» አለችው፣ ቃሉን ሆን ብላ እየጎተተች።

ፊቱ ቀላ። ተንበርክኮ ሳመ።

«ስትስም አልሰማንም፣ ድገመው!» አለችው።

ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ቂሟ ግን አልወጣላትም።