ፍርድ ልሰማ ሐኪም ቤት ተልኬ

ትናንት ጠዋት ከልጅ ልጄ ከታምሩና ከሚስቱ ከአስቴር ጋር እዚሁ ሶዶ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ከሚታዩበት በር ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ ነርሷ አየችኝና፣ «አባቴ፣ እርስዎም ልጅ ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«አዎ... ግን እነዚህ ይውለዱልኝ ብዬ ነው» አልኳት።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ታምሩ ቤሌ ከተማ መምህር ነው። አስቴር እኔ ጋ ትኖራለች። ከተጋቡ ሦስት ዓመት አለፋቸው... ልጅ የለም። ልጄ ማርታ፣ የታምሩ አክስት፣ «ችግሩ ከእሷ ከሆነ ወደ ጉኑኖ፣ ወደ እናቷ ትመለስ» ማለት ጀምራለች። አስቴር ይህን ከሰማች ወዲህ እህል እንኳ በወጉ አልቀመሰችም።

እኔንም የላከችኝ ማርታ ናት። «አባዬ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በጆሮዎ ሰምተው ይምጡ። እነሱ ይደብቁናል።»

ዶክተሯ ወጣት ናት። ሁለቱን አስፈቅዳ እኔንም አስገባችኝ። የምርመራውን ውጤት አየችና፣ «የእሷም ደህና ነው፣ የእሱም ደህና ነው» አለች። ታምሩ እፎይ አለ። አስቴር ግን ገና ትንፋሿን እንደያዘች ነው።

«ልጅ ሲዘገይ ሴቷን ብቻ እንከሳለን» አለች ዶክተሯ። «ምክንያቱ ከወንዱም ይሆናል፣ ከሁለቱም ይሆናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። ለመሆኑ... በሳምንት ስንት ቀን ትገናኛላችሁ?»

ታምሩ ጣሪያውን አየ። እኔ እሱን አየሁ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤሌ እመጣለሁ» አለ።

«ጥሩ። ቅዳሜ ማታስ?»

ታምሩ ወደ አስቴር ዞረ።

አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ዶክተር... ቅዳሜ ማታ ይጸለይልናል» አለች።

«ምን ተብሎ?»

«ልጅ እንድንወልድ።»

«የት?»

«እኛው መኝታ ቤት።»

እውነቷን ነው። ማርታ የቸርች ሴቶችን እንደ ቀበሌው አንድ ለአምስት አደራጅታ፣ ገና በተጋቡ በጥቂት ወራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የአዳር ጸሎት ጀምራለች። ጸሎት የተያዘላቸው ባልና ሚስት ተለያይተው ነው የሚያድሩት ተብሎ ለታምሩ እኔ ክፍል ፍራሽ ይነጠፍለታል። እሑድ ከቸርች መልስ ወደ ቤሌ ይሳፈራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዲግሪውን ሊማር ካምፓስ ያድራል። እኔም ብሆን እስከ ትናንት «ምን ያሉ ደጋግ ሴቶች ናቸው!» እያልኩ ዝማሬያቸውን ስሰማ ነው የኖርኩት።

ዶክተሯ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። ቀና ስትል ግን አነጋገሯ የምር ነበር።

«ባልና ሚስት መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሦስቴ አብረው ሆነው ዓመት ካለፈ ነው ችግር አለ የምንለው። እናንተ ገና አልጀመራችሁም! ጀምሩ። ዓመት ሞልቶ ካልሆነ ተመለሱ፣ ያኔ ምክንያቱን አብረን እንፈልጋለን።» ለመፀነስ የሚመቹት የትኞቹ ቀናት እንደሆኑም አስረዳቻቸው።

አስቴር ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ...

ቤት ስንደርስ ማርታና ጓደኞቿ ለአዳሩ ቦይና፣ ያው ጎደሬውን፣ ይልጣሉ።

«እህ አባዬ፣ ታወቀ?»

«ታወቀ።» ተቀመጥኩ። ውሃ አስመጣሁ። ቀስ ብዬ ጠጣሁ።

«የእሷ ነው?»

«አይደለም።»

«ጌታ ሆይ... የእሱ ነው?»

«የእሱም አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው፣ ከነቡድንሽ!»

ዶክተሯ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መጀመሪያ አንዲቱ ሴትዮ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉም። ማርታ ብቻ ቢላዋውን ይዛ ቀረች። ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሳችና አስቴርን አንገቷን አቅፋ፣ «የኔ ልጅ፣ ሳላውቅ ነው የበደልኩሽ» አለቻት። አስቴርም ከስንት ጊዜ በኋላ ቁጭ ብላ በላች... ያውም በሚያቃጥለው ዳጣ።

ጸሎቱ ወደ ማክሰኞ ተዛወረ። ሴቶቹ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦይናቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ፍራሹንም ማርታ ራሷ ከክፍሌ አወጣችው።

ዛሬ እሑድ ታምሩና አስቴር ቸርች የደረሱት ስብከቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። «ምነው አረፈድክ?» ልለው አፌን ስከፍት ማርታ በክርኗ ጎሸመችኝ... እኔም ጥያቄውን ለምሳ አቆየሁት።