በጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ዘበኛ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያውያን ልጆችን በማስተምርባት ጠባብ ክፍል አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያው ተወልዳ ስላደገች ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ በሶማልኛ ትቀጥልና ስትናደድ በፈረንሳይኛ ትጨርሰዋለች። ከተናደደች ደግሞ ከአፏ እጇ ይቀድማል። "ለምን መታሽው?" ስላት ከልቧ ግራ ገብቷት፣ "እኔ እንጃ ማዳም፣ እጄ ነው" ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ፊደሉን ትቼ፣ ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ ስለ አንጎል የሰማሁትን በልጅ ቋንቋ ነገርኳቸው።

"ጭንቅላታችን ውስጥ የሚጠብቀን ዘበኛ አለ። ሌባና እንግዳ ግን አይለይም፤ በሩ ኮሽ ካለ ይጮኻል። ያኔ ልባችን ይመታል፣ እጃችን ይጨበጣል። ከውስጥ ደግሞ የምታስብ እመቤት አለች። እሱ ካልተረጋጋ ድምጿ አይሰማም።"

"ታዲያ ለምን አናባርረውም?" አለ አንዱ።

"መኪና ሲመጣብህ ማን ዘወር በል ይበልህ?"

ከዚያ በጨዋታ አሳየኋቸው። ልጅቷ ዘበኛ ልሁን ብላ ለመነችኝ፤ የቆርቆሮውን በር እየደበደበች ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እመቤት የሆነችው ዓይን አፋር ልጅ "እንግዳ ነው፣ ክፈትለት" ብትል ማን ይስማት። ዘበኛዋን በአፍንጫዋ አየር አስገብታ በአፏ ቀስ ብላ እንድታስወጣ አደረግኳት። ዝም ስትል የእመቤቲቱ ድምፅ ተሰማ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ዘበኛ የነበረችው ልጅ የሳለችው መርከብ ላይ አንድ ልጅ ውኃ ደፋባት። እጇን ጨብጣ ስትነሳ ልጆቹ አግዳሚያቸውን ይዘው ሸሹ። እሷ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ፣ እፍ አለች። ስትመለስ "ጮኾ ነበር፤ አሁን ቁጭ ብሏል" አለችኝ። ወደ ልጁ ዞር ብላም፣ "መርከቤ ባሕር አገኘች" አለችው። ልጁ ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቄ ከእንባዬ ጋር ተቀላቀለብኝ።

አባቷ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር የሚኖር የኤር ኮንዲሽነር ጠጋኝ ነው። በሙቀቱ ወራት ደንበኛ ሁሉ ስለሚጣደፍበት ስልክ ላይ ሲጮህ ይውላል። አንድ ቀን የክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"መምህርት፣ ልጄን ምን አስተማሯት?"

ደንገጥ አልኩ። "ምን አጠፋች?"

"ትናንት ስልክ ላይ ስጮህ እጄን ይዛ፣ 'አባዬ፣ ዘበኛህ ነው፤ አትስማው' አለችኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ከዚያ ሳቄ መጣና ደንበኛው ምን ነካህ አለኝ።" አንገቱን ደፋ አደረገ። "ለእኔም ያስተምሩኝ ብዬ ነው።"

ገብቶ ትንሿ አግዳሚ ላይ ጉልበቱ ደረቱን ነክቶ ተቀመጠ። አየር ሳብ አድርጎ ሲተነፍስ እንደተበሳ ጎማ ፊሽ አለ፤ ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ልጅቷ አጠገቡ መጥታ ትከሻውን ዳበሰችና፣ "ቀስ ብለህ አባዬ፣ ማንም አያሳድድህም" አለችው።