ኮከብ የወደቀበት

አባቴ ባቡር ነጂ ሳለ፣ ከሁርሶ ወዲያ ሐዲዱ ሲታጠፍ ከሩቅ የሚያየው አንድ ክብ ጉድጓድ ነበር። «ጥንት፣ ሰው ሳይፈጠር፣ ኮከብ የወደቀበት ነው» ይላል። አንድ መሐንዲስ ነው የነገረኝ ብሎ ይምላል። ሳቢያን ሰፈራችን ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም፤ ያመነውም የለም። እውነቱን ለመናገር እኔንም ሰልችቶኝ ነበር።

ዘንድሮ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው አሉን፤ የጠፋው አይመለስም፣ ያለውም ቀስ በቀስ ሊሄድ ይችላል። አባቴ ይህን ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው ቶሎ ጉድጓዴን አንሺልኝ። ትልቅ አድርገሽ። ሳልታወር ግድግዳዬ ላይ ልየው።» አንጀቴን በላው።

እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ በረሃ አንስቼ አላውቅም። ሚኒባስ ተኮናትረን በማለዳ ወጣን፣ መንገዱ ሲያልቅብን በእግር ቀጠልን። አባቴ ቀይ ሽርጡን አሸርጦ፣ ክንዴን ይዞ፣ እንደ ሙሽራ ይቸኩላል። ስንደርስ እውነትም ጉድጓድ! ክብ፣ ሰፊ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ፣ ድንጋዩ የጠቆረ። ወይ ጉድ! ስንት ዓመት ሙሉ ስቀንበታል እኮ።

በካሜራ ሳየው ግን ዝም ብሎ ሜዳ ነው። ሠርግ ቢሆን «ጠጋ ጠጋ በሉ» እላለሁ፤ ጉድጓድ ምን ይባላል? «አባዬ፣ ሰው ካልቆመበት ስፋቱ አይታይም። እስቲ ውረድና ቁም» አልኩት።

ቱግ አለ። «ነያ፣ ሠርግ መሰለሽ እንዴ? እኔን አንሺኝ ማን አለሽ! ሰው እንዳታስገቢበት!»

እሺ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «መሀሉን በእግሬ ልርገጠው» ብሎ በከዘራው እየዳበሰ ብቻውን ወረደ። እዚያ ታች ቆሞ ዙሪያውን ሲቃኝ ሳየው እንዴት እንዳሳሳኝ! ካሜራዬን አንስቼ ቀጭ አደረግኩት።

ፎቶው ታጥቦ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል አባቴ አፍንጫው እስኪነካው ተጠጋ። ምንም አይታየው ይሆን? በቃ፣ አረፈድን አልኩ። በጣቱ የጉድጓዱን ጠርዝ ቀስ እያለ ዞረና መሀል ላይ ቆመ።

«ይኼ ቀይ ነገር ምንድነው?»

ቁጣውን ፈርቼ «እሱ ነዋ ኮከቡ» አልኩት።

«ሂጂ ወዲያ፣ ውሸታም! ኮከብ ሽርጥ ያሸርጣል?»

አይቶታል! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።