የጋሽ ታምራት ቢራ

የብቅል ሽታ አልወድም። ሱሉልታ የተከራየሁበት ግቢ፣ አከራዬ ለልጇ ሰርግ ጠላ ልትጠምቅ ገብስ ዘፍዝፋ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ጭናበት ነበር። ትናንት ጠዋት ስትገልጠው ያ እርጥብ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ የሻገተ የሚመስል ሽታ ክፍሌ ድረስ ገባ። እሷ ገብሱ ስለበቀለላት ደስ ብሏት «ነይ እይልኝ» ብላ ጠራችኝ። እኔ የታየኝ ግን ጋሽ ታምራት ነው፤ ከነነጭ ጋዋኑ፣ ከነጉራው።

ጋሽ ታምራት ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ይኖር ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ «እሳቸው» ማለት ነበረብኝ፣ ልጅ እያለሁም እል ነበር። አሁን አልልም። ቢራ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ሥራው ማጠቢያው ማሽን ላይ ባዶ ጠርሙስ መደርደር ሲሆን፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ግን «ጠማቂ ነኝ» ይል ነበር። ጋዋኑን ለብሶ አስፋልት ዳር ሰርቪስ ይጠብቃል። ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም።

እናቴ ጫልቱ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ጋሽ ታምራት በጋኗ አጠገብ ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል። «ይሄ መጠጥ ነው? ጭቃ!» ይላል። እሁድ እሁድ ያንኑ ጭቃ በጣሳ ሦስቴ ያስቀዳ ነበር። እናቴ እየሳቀች ትቀዳለታለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እንዴት እንደምትስቅ ዛሬም አይገባኝም።

የማስተር ፕላኑ ነገር ሲነሳ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ሰፍታ የገበሬውን መሬት ልትወስድ ነው ተባለ፤ ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ትምህርትም ቆመ። ሰው ስለ ልጆቹ ሲጨነቅ ጋሽ ታምራትን ያስጨነቀው የቢራ መኪና መቅረቱ ነበር። ሰርቪሱም ስለቀረ ቤት ዋለ። አንድ ጠዋት ግቢው መሃል ቆሞ «እኔ እያለሁ ይሄ ሰፈር ቢራ አይቸግረውም!» ብሎ አወጀ።

አወጀ እንጂ ብቅል እንዴት እንደሚበቅል እንኳ አያውቅም። እናቴን ጠየቃት፤ አጠያየቁ ግን እንደ ፈታኝ ነበር። «እስቲ ጫልቱ፣ አንቺ ገብሱን ስንት ቀን ነው የምታቆዪው? እኛ በማሽን ስለሆነ ነው።» እናቴ መዘፍዘፉን፣ መጠቅለሉን፣ ማድረቁን አንድ በአንድ አሳየችው። «የባላገር ቅጠል» ይለው የነበረውን ጌሾም ከእሷው ወሰደ፤ ሰው እንዳያይበት በጋዜጣ ጠቅልሎ። ጠርሙስና ቆርኪው ሞልቶታል። ለዓመታት በምሳ ዕቃው ቦርሳ ከፋብሪካው እየሸጎጠ ያመጣው ነው።

በበርሜል ከጠመቀው በአራተኛው ቀን፣ ገና ሲንተከተክ ወደ ጠርሙስ መገልበጥ ጀመረ።

«ጋሽ ታምራት፣ እየፈላ እኮ ነው» አለችው እናቴ። «ትንሽ ይታገሡት፣ ይተንፍስ።»

«ቢራ ያለ ጋዝ ምን ቢራ ነው? አንቺ ጠላሽን ጠብቂ።»

በየጠርሙሱ አንድ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረበት፣ ቆርኪውን በመዶሻ መታው። ከዚያ የገፈርሳ ብርድ እንዳይነካው ብሎ ቆርቆሮ ክፍሉ ውስጥ ደርድሮ በብርድ ልብስ ሸፈነው። ቀን ቀን ያ ክፍል ምድጃ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ጧ አለ። ወዲያው ጧ! ጧ! እናቴ ጎትታ ወለሉ ላይ አስተኛችኝ። ታላቅ ወንድሜ ገመቹ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ከሰልፉ በአጥር ዘሎ ገና መመለሱ ነው፣ ቧንቧው ጋ እግሩን ይታጠባል። ብዙም ሳይቆይ አስፋልቱ ላይ የነበሩት ፖሊሶች ገቡ።

ጋሽ ታምራት በሩን ከኋላው ዘግቶ ተደግፎታል። የጋዋኑ ጫፍ በአረፋ ርሷል። አንዱ ፖሊስ ጋዋኑን አይቶ «ዶክተር፣ ከየት ነው የተተኮሰው?» አለው። ዶክተር መባሉን አላስተባበለም።

«እኔ እንጃ… ልጁ ግን አሁን ነው ከውጭ የገባው» አለ።

ገመቹን ወሰዱት። እናቴ እስከ አስፋልቱ እየጮኸች ተከትላ ስትመለስ የብቅሉ ሽታ ሸተታት። የጋሽ ታምራትን በር ገፍታ ገባች፤ ስብርባሪና አረፋ ነው።

«ጋሽ ታምራት፣ አብረን እንሂድና ጠርሙስ ነው ይበሏቸው። ሌላ ምንም አይበሉ።»

«ጠርሙሱን ከየት አመጣህ ቢሉኝስ? ሥራዬ እኮ ነው ጫልቱ! ልጁ ምንም ካላደረገ ይፈቱታል።»

ስብርባሪውን በሰፌድ ሰብስባ፣ ነጠላዋን አልብሳ ጣቢያ ሄደች። የጠርሙሱ ባለቤት ይምጣ ብለው መለሷት። ሦስት ቀን ጋሽ ታምራት በር ላይ ተቀምጣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄን» እያለች ለመነችው። ከውስጥ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሰበታ ሄደ። ገመቹ የተፈታው በሦስተኛው ወር ነው፤ ትምህርቱን ግን አልቀጠለም።

አምና እናቴ አረፈች። ጋሽ ታምራት ለቅሶ መጣ፤ ሸብቷል፣ ምርኩዝ ይዟል። ሰዎች ተነሥተው አስቀመጡት። እኔ አልተነሣሁም። ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳኑ ውስጥ ጨዋታ ሲጀመር ድምፁን ከፍ አደረገ።

«በዚያ ግርግር እኮ እዚህ ግቢ ቢራ ጠምቄ ነበር! አንድ ቀን አይፈነዳ መሰላችሁ! ጧ! ጧ! ፖሊሱ ሁሉ ተኩስ መስሎት…»

ድንኳኑ ሳቀ። እሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። እናቴ ሦስት ቀን ለምና ያጣችውን ቃል ይኸው በለቅሶዋ ላይ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረው። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ንቄ አላውቅም።

ገመቹ ከጎኔ ነበር። ከእስር ከተመለሰ ጀምሮ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ እዚያ ምን እንደደረሰበት ነግሮን አያውቅም። ጋሽ ታምራት የተቀመጠው በግራው በኩል ነው። ገመቹ ሰው ሲስቅ አይቶ ፈገግ አለ፤ ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ «ምን ብሎ ነው?» አለኝ።

«ምንም አላለም» አልኩት።