ዓሣ ነው ብለህ ፈርም

ወልድያ እስር ቤት የገባሁት በ1965 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሁለት ፖሊሶች የባዮሎጂ ትምህርት እያስተማርኩ ከክፍል ጠርተው ሲያወጡኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። የታሰርኩበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ተቀምጧል፤ አዲስ ገቢ ስለሆንኩ ቦታዬ ከባልዲው ቀጥሎ ሆነ።

ወንጀሌ ቤቴ ሲፈተሽ የተገኘ ደብተር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከምጽዋ በተነሳ የምርምር መርከብ ላይ ሁለት ወር በረዳትነት ሠርቼ ነበር። ሥራችን ቀይ ባሕር ውስጥ እየጠለቅን፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ካሬ ኮራል በሚባለው ሕያው የባሕር ዓለት ላይ እያሳረፍን፣ በውስጡ ያለውን ሕያውና ሙት ፍጥረት መቁጠር ነው። ባሕሩን ሁሉ መቁጠር አይቻልም። በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ተመልሰህ ከቆጠርክ ግን የቀረው ባሕር እንዴት እንደሰነበተ ታውቃለህ። የደብተሬ የፊተኛው ግማሽ ይኸው ነበር።

የኋለኛውን ግማሽ የሞላሁት እዚሁ ወሎ ነው። ያን ዓመት ረሃብተኛው ከየገጠሩ ወርዶ መንገድ ዳር ፈስሷል፤ ራዲዮኑ ግን ትንፍሽ አይልም። እኔም በየእሑዱ ከውርጌሳ እስከ መርሳ፣ የመረጥኳቸውን የመንገድ ቁራጮች በእግሬ እየሄድኩ ቆጠርኩ። በሕይወት ላለ ቀጥ ያለ ጭረት፣ ለሞተ መስቀለኛ። ሕያውን ከሙት ለመለየት አንዳንዴ ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። በየገጹ ራስ ላይ «ሰው» ብዬ አልጻፍኩም። ፈርቼ ነው፤ አፍሬም ነው።

መርማሪው መቶ አለቃ ሞኝ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አስጠርቶ ደብተሩን ፊቴ ዘረጋው።

«ይሄ የፊተኛው ምንድነው?»

«የባሕር እንስሳት ቆጠራ ነው፣ ጌታዬ። ዓሣም አለበት።»

«የኋለኛውስ?»

መስቀለኛዎቹን ጭረቶች አየሁ።

«የኋለኛውም ዓሣ ነው» አለኝ። «በየገጹ ራስ ላይ ዓሣ ብለህ ጻፍና ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ደብተሩ ደሴ ድረስ ባይመዘገብ ኖሮ እሳት ውስጥ ጨምሬው በተገላገልኩ።»

«ባልፈርምስ?»

«የመንግሥትን ስም ለማጥፋት የሐሰት ቁጥር አዘጋጅተሃል። እስከ ነገ አስብበት።»

ቁጥሩ ሐሰት እንዳልሆነ ያውቃል። ራሱ በዚያው መንገድ ነበር የሚመላለሰው። ዛሬም ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ግን ልዋሽ አልፈልግም፣ ልፈርም ነበር። እናቴን የምጦራት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሞተውም ሞቷል እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

አጠገቤ የሚተኙት አንድ የጉባ ላፍቶ ገበሬ ነበሩ። መርሳ ድልድይ አጠገብ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ቄስ አምጡልኝ ብለው የባለሥልጣን መኪና ፊት ቆሙ። እሳቸውን እስር ቤት፣ ሚስታቸውን ጅምላ ጉድጓድ ወሰዷቸው። ስለ ጭረቶቹም ስለተጠየቅኩትም ስነግራቸው ቆጣ አሉ።

«ሰው ይቆጠራል እንዴ ልጄ? እኛ ከብት እንኳ አንቆጥርም፤ ክፉ ዓይን ይጠራል።»

«አጥፍቻለሁ፣ አባቴ።»

«መርሳ ድልድይስ ነበርክ?»

«በዳግማይ ትንሣኤ ነበርኩ።»

«እሷ ያረፈችው ያን ቀን ጠዋት ነው» አሉ። «እንግዲያ አንዷ ጭረት እሷ ናት። ፍትሐት እንኳ አላገኘች፤ ስሟን የጠራላት የለም።»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የሚስታቸውን የክርስትና ስም ነገሩኝ። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ቄሱ ለፍትሐት ሲጠይቅ ነው ከቤተሰብ አፍ የሚወጣው።

«መቁጠሩንስ ቆጥረሃል» አሉኝ። «ዓሣ ናት ግን አትበል።»

በማግስቱ መቶ አለቃው ብዕር ሰጠኝ። ደብተሩን ገልጬ የመርሳ ድልድይን የዳግማይ ትንሣኤ ገጽ አወጣሁ። ከመስቀለኛ ጭረቶቹ በአንዱ አጠገብ ያን የክርስትና ስም በጉልህ ጻፍኩ፣ ከሥሩም ፈረምኩ። ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይበዛብኝ ነበር።

አነበበው። አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል።

«ይሄ እኮ የክርስትና ስም ነው።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ገጹን አበላሸኸው» አለና ብዕሩን ተቀበለኝ። ዓሣ የሚለውን ቃል ዳግመኛ አላነሳብኝም። ወደ ክፍሉ ተመልሼ «ስማቸውን ጻፍኩት» ስላቸው፣ ሽማግሌው ተነሥተው ጋቢያቸውን አደገደጉ፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ረጅም ጊዜ ቆሙ። እስረኛው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አብሯቸው ቆመ።

እኔ የተፈታሁት መንግሥት ሲለወጥ ነው። ሽማግሌው እዚያው ታመው ሞቱ። ደብተሩ የት እንደገባ አላውቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲከራከሩ፣ የቆጠርክ አንተ ነህ፣ ስንት ሰው አለቀ ይሉኛል። ጥያቄው ያናድደኛል፤ የሚያናድደኝ ግን ጠያቂዎቹ አይደሉም። ያን ቀን ድልድዩ አጠገብ በሕይወት የነበሩት፣ ጎንበስ ብዬ ሳያቸው ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። አንዳቸውንም ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። ጭረቴን ጭሬ አለፍኩ።