የጋሽ ኃይሉ ስድስት መስመሮች

አውቶቡስ ውስጥ ጊታር የታቀፈ ወጣት አጠገቤ ሲቀመጥ፣ የክሩ የብረት ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ በኬንያ በኩል ወዳለችው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር መለሰኝ።

ሞባይል ገና ብርቅ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሉ በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበሩ። አንድ ዜማ ሊያስተምሩኝ የድሮ ጊታራቸውን አስታቀፉኝ። ግራ እጃቸው ሽባ ስለሆነ በጣታቸው ሊያሳዩኝ አልቻሉም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ስድስት መስመር አስምረው ቁጥር ጻፉልኝ።

“መስመሩ ክሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ የምትጫኚበት ቦታ” አሉኝ።

የላይኛውን መስመር ወፍራሙ ክር መስሎኝ ስመታው፣ ጆሮ የሚያሳምም ድምፅ ወጣ።

“ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ ልጄ! ወረቀቱ ላይ ከላይ ያለው ቀጭኑ ክር ነው። ገልብጠሽ አንብቢው።”

ጣቴ እስኪላጥ ተለማመድኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቹ ተያያዙና ዜማ ሆኑ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ቀና ስል፣ ጋሽ ኃይሉ በደህናው እጃቸው ሽባውን ይዘው ያለቅሳሉ።

“ግንባር ላይ ጓደኞቻችንን ቀብረን ስንመለስ የምንጫወተው ነው” አሉ። “ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ብዬ አስተማርኩሽ። መስማቱን ግን አልቻልኩም። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመቺው።”

የሞቱ ጊዜ፣ ከቀብር መልስ እዚያው ቤታቸው ገብቼ ጊታሩን አነሳሁ። ጣቶቼ ቦታቸውን ያዙ። ዜማውን ግን አልመታሁትም።

ልክ አድርጌ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።